አንድን ይጫኑ

ለታላቋ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የአንገትሽ ቁስል ጠገገልሽ? ክፍልሽ በጠዋት ይበርዳል ብለሽኝ ነበር፤ መስኮቱ ስንጥቅ ውስጥ የወተፍኩት ጨርቅ አሁንም አለ ወይስ አከራይሽ መዝዛ ጣለችው? እህል ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ቆሜ ስለምሄድ ነው እንጂ ደህናስ አይደለሁም። ግን እማዬ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ሰላምታውን አትዝለል፣ በደንብ ጠይቃት እያለች ስለምትነዘንዘኝ በደንብ እየጠየቅኩሽ ነው። ውጭ አገር ዋናው መሥሪያ ቤት ለምትሠራው ልጇ የምጽፍ ነው የመሰላት። ማንበብ ስለማትችል አፍንጫዋ ሥር ሆኜ የልቤን ብጽፍልሽ ምንም አይደል። እሱም ቢሆን ሰሞኑን ሌላ ጉድ መጥቷል፤ ኋላ እነግርሻለሁ።

የስልክ ኩባንያ ተቀጣሪ ሆኜ ለገዛ እህቴ በእስክሪብቶ ስጽፍ ሳቄ ይመጣል። ምን ላድርግ፣ ስልክሽን ዘግተሽ ጣልሽው። አሁንም አልፎ አልፎ እደውላለሁ። ማን እንደሚመልስልኝ ታውቂያለሽ? አንቺው ራስሽ። የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አልቻልንም፣ እባክዎ ቆየት ብለው ይሞክሩ ትይኛለሽ፣ በዚያ ሰው በሚያባብለው ድምፅሽ። ባለቤቷ ራሷ የለሁም ካለች ምን ብዬ ልከራከር? እሺ ብዬ እዘጋዋለሁ።

ባለፈው በአካል ስመጣም በሩን አልከፈትሽልኝም። አልተቀየምኩም። ማለቴ ተቀይሜ ነበር፣ አውቶብስ ላይ አለፈልኝ። ግን ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰምቻለሁ እኮ። መኖርሽን አውቄ ነው ብርቱካኑን ደጃፉ ላይ ትቼልሽ የሄድኩት። ሐኪም ቤት አልጋሽ ላይ ሆነሽ የጻፍሽልኝ ከጆሮዬ አይወጣም፤ ጽሑፍ ከጆሮ አይወጣም ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ለእማዬ እንዳትነግራት፣ እሷ የምትወደው ድምፄን ነው ብለሽ ነበር የጻፍሽው። እኔም አልነገርኩም። ውጭ ተልካለች፣ ሥራ በዝቶባታል፣ እዚያ ሲነጋ እዚህ ይመሻል፣ አይመቻትም እያልኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ውሸት አይሆንልኝም ስል ነበር፤ ለካስ ልምድ ነው።

ነገሩ ስለ እማዬ ነው እታለም። እግሯ አብጧል። ጫማ አልገባ ብሏት የእኔን ነጠላ ጫማ ነው የምታደርገው። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቀመጣለች፤ ተቀምጣ ደግሞ ደከመኝ አትልም፣ ከጎረቤት ጋር የማወራው አለኝ ትላለች፣ አንድም ጎረቤት በሌለበት። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ እኔ ራሴ ጨጓራዬን ልታይ ነው፣ አጅቢኝ ብዬ አታልዬ ሆስፒታል ወሰድኳት።

እዚያ ያሳፈረችኝን ልንገርሽ። ተራችንን ስንጠብቅ ፊት ለፊታችን አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ያሰሩ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። በእጅ በምትያዝ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፉ ከሚስታቸው ጋር ይጫወታሉ። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ሚስትየዋ አንብበው በአፋቸው ይመልሳሉ። አንዴማ ምን እንደጻፉላቸው እንጃ፣ በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸውና ሁለቱም ሳቁ፣ እሳቸው ያለ ድምፅ። እማዬ ዓይኗን ተክላ ቀረች። ሰው እንዲህ አይታይም እማዬ፣ ነውር ነው እላለሁ፣ ማን ሰምቶኝ! እኔ አንቺን አስታውሼ፣ ተራችን ቶሎ በደረሰ እያልኩ ወለሉን አያለሁ።

ዶክተሩ በመሣሪያው አያትና እኔን ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። ልቧ ደክሟል፣ ውስጡ ያለው በር አልገጥም ብሎ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ተኝታ መታከም አለባት፣ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋትም አይቀር፣ ብትቆይ ግን ኃላፊነቱን አልወስድም አለኝ። ገብቼ አልጋ ተይዞልሻል ስላት፣ ልጄን ሳላይ አልተኛም አለች። እማዬን ታውቂያት የለ፣ አልተኛም ካለች አልተኛም ነው። ዶክተሩ ቢቆጣት፣ ሰው እዚህ ቤት ሲገባ እንጂ ሲወጣ አላየሁም፣ መጀመሪያ እሷን ጥሩልኝ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ ቅደዱኝ አለችው። ዶክተሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይኸው ቤት ነች፤ እኔም ማታ ማታ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነው የማድረው።

እዚህ ላይ ነው የኩባንያችን ነገር የሚመጣው።

ኩባንያው ከቤት ዕቃ መሸጫው በላይ ያሉ አራት ክፍሎች ብቻ የነበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንቺ ገንዘብ ተቀባይ፣ መሐንዲሱ ጫማውን አውልቆ የሚሠራ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ አምፖል የሚቀይር። ከታች አልጋ ሲቸነክሩ ላይ ደንበኛና ገንዘብ ተቀባይ አይሰማሙም። መሐንዲሱ ስልክ የሚያነሳ ድምፅ እንቅዳ ብሎ ዕቃ ቤቱን ጸጥ ማሰኘት ሲያቅተው፣ ያሉንን ብርድ ልብሶች ሁሉ ተሸክማ የመጣችው እማዬ ነበረች። በአራቱም ግድግዳ ሰቀሉት፣ በበሩም ላይ። አንቺ ወረቀት ይዘሽ መሐል ቆመሽ፣ እኔ ከታች አናጺዎቹን መዶሻችሁን አንድ ጊዜ ያዙልን እያልኩ ስለማመጥ። ለዚያ ቀን የተከፈለሽ ምሳና አንድ ስልክ ቁጥር ነው። አረንጓዴዋ ብርድ ልብስ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ኩባንያው ይህን ያህል አገር ገባ፣ ይህን ያህል አተረፈ ተብሎ በቴሌቪዥን ሲወራ እማዬ አሁንም፣ ታዲያ ብርድ ልብሴን ይመልሱልኛ ትላለች።

በኋላማ አገሩ ሁሉ አወቀሽ። ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ስትዪ ሾፌሩ ዞሮ ቀሪ ሒሳቤ ስንት ነው ይልሽ ነበር። እማዬ ዕቃ እጠቢ ስትልሽ በዚያ በስልኩ ድምፅ፣ እባክዎ ቆየት ብለው ይሞክሩ ትያታለሽ፤ እሷም መጀመሪያ ማንኪያ አንስታ ታባርርሽና ኋላ ጓዳ ገብታ ብቻዋን ትስቃለች። ያን ሳቋን ካየሁ ቆየሁ።

ኩባንያው አደገ። ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ኩባንያ መጥቶ ገዛው፤ ሰማያዊውን ምልክት አውርዶ ብርቱካናማ ሰቀለ። እሱን ደግሞ የባሰው ገዛውና ስሙን እስከ ዛሬ ያልደረስኩበት ቀለም ተሰቀለ። በየኮረብታው አንቴና ቆመ፣ በየሱቁ በር የእኛ ጃንጥላ ተዘረጋ፣ ካርድ አዟሪው ሁሉ የእኛን ሰደርያ ለበሰ። ገንዘብ በስልክ አስተላለፍን፣ ብድር በስልክ ሰጠን። በዓመት በዓመት አዳራሽ ሰብስበው ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ግድግዳ ላይ ያሳዩናል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ ሳምንት ሳይሞላ ከመካከላችን ሰው ይቀነሳል። መሐንዲሱን የሸኘነው እንደዚያ ነው። እንደ ንብ ቀፎ ይተራመስ ከነበረው የጥሪ ማዕከል አሁን መስኮት ሥር ያለው አንድ ረድፍ ብቻ ቀርቷል። ሌላውን ሥራ የምትሠሪው አንቺ ነሽ።

አንቺ ስልሽ ማሽኑን ማለቴ ነው። በነዚያ ዓመታት የቀዳሽውን ሁሉ፣ ቁጥሩን፣ የወራቱን ስም፣ ይቅርታውን፣ ምስጋናውን ለቃቅመው አስተማሩት፤ አሁን የተጻፈለትን ሁሉ ባንቺ ድምፅ ያነባል። ብለሽው የማታውቂውን ጭምር። ብድርዎን በወቅቱ ባይከፍሉ መስመርዎ ይቋረጣል ብለሽ ስታስፈራሪ ብትሰሚ ራስሽ ትደነግጫለሽ። አንቺ ጉሮሮሽ ተቀዶ ድምፅሽን ያጣሽ ዕለት እንኳ ማሽኑ ሲለፈልፍ ነው የዋለው። እኔ ከሐኪም ቤቱ በር ላይ ታክሲ ለመጥራት ብደውል ሒሳብዎ አነስተኛ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ስልኩን ግድግዳ ላይ ላጋጨው ምንም አልቀረኝም።

የእኔን ሥራ እንኳ አታውቂውም፣ ከሄድሽ ወዲህ ተቀይሯል። ደንበኛው ከማሽኑ ጋር ተጨቃጭቆ ሲሰለቸው ዜሮን ይጫናል፤ ዜሮ ሲጫን የሚወጣው ሰው እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤት ስሜም ዜሮ ሆኗል። ዜሮ፣ ምሳ በላህ? ዜሮ፣ ስብሰባ አለ። ሰው ላንቺ ያልደፈረውን ስድብ ሁሉ አጠራቅሞ ለእኔ ያመጣዋል። ያቺ ልጅ ጨዋ ናት፣ አንተ ነህ ባለጌው ይሉኛል። እህቴ ናት ልላቸው ይቃጣኝና እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ኃላፊያችን፣ ከአፏ ስለማይጠፋ ዒላማ ነው የምንላት፣ አንድ አዲስ ነገር አመጣች። ማሽኑ ራሱ እየደወለ ጥቅል ይሽጥ አለች። ዕድሜያቸው ለገፋ ደግሞ አባቴ፣ እናቴ እያለ ይጀምር፤ እንዲህ ሲባሉ ስልኩን ቶሎ አይዘጉም፣ ተጠንቷል አለች። እኛም እንደ ልማዳችን አጨበጨብን። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እማዬ ስልኩን ደረቷ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች። ምነው ስላት ደወለች አለችኝ። ማ? አልኳት። ልጄ ናታ! እናቴ፣ እንደምን አሉ አለችኝ አለች።

እኔ ክው አልኩ። ማሽን ነው ልበላት? ማሽን ነው ካልኩ እሷስ የታለች ትለኛለች። እሷ አንድ ነገር ብቻ ነበር የከነከናት፤ ለምን አንቱ አለችኝ፣ ምን ተጣላን? ይህንንም ደግሞ ራሷ መለሰችው። አለቃዋ አጠገቧ ቆሞ ይሆናል፣ ሥራ ቦታ እኮ ቁም ነገረኛ መሆን ያስፈልጋል አለችኝ፣ እኔን እንደምታስረዳ ሆና።

ከዚያ በኋላ አንድን ይጫኑ ባልሻት ቁጥር ትጫናለች። ልጄ ለምናኝ እምቢ ልበል? ትላለች። የእግር ኳስ ውጤት ይላክልዎ? አንድ። የፊት ቆዳ እንክብካቤ ምክር? አንድ። ለነፍሰ ጡሮች የሚሆን የአመጋገብ መረጃ? አንድ። መልእክቱ ሲመጣ ደግሞ አንብብልኝ ነው፤ ልጇ የላከችው ነገር ሳይነበብማ አያድርም። ቀኑን ሙሉ ስሰደብ ውዬ እገባና ለእናቴ በስድስተኛው ወር ምን ቢበላ ለፅንሱ እንደሚስማማ አነብላታለሁ። ጎበዝ፣ ታስባለች እኮ ትለኛለች።

የሞላሁላት ካርድ ሳይውል ያልቃል፤ እሱስ ግዴለም። አንጀቴን የምትበላው መልስ ስትሰጥ ነው። ማሽኑ ሲናገር መሐል ትገባና ምሳ በላሽ? የምትለብሽው አለሽ? ጉሮሮሽ ተሻለሽ? ትለዋለች። ከመሄድሽ በፊት ድምፅሽ ይሻክር እንደነበር አልረሳችም። እሱ ታዲያ፣ ይቅርታ፣ ምርጫዎን አልተረዳሁም ይላታል። ኧረ ይቅርታ አታብዢ፣ ምን አጠፋሽ ትለዋለች።

ከሆስፒታሉ በኋላ ይህቺ ነገር በጭንቅላቴ መጣች። እማዬ የእኔን አትሰማም፣ የዶክተሩን አትሰማም፣ ያንቺን ግን ትሰማለች። እንግዲያ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይናገርልኝ፤ ሆስፒታል ግቢ ይበላት። ዒላማ ጋ ገብቼ ነገርኳት፣ ሁሉንም፣ ያንቺንም። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወንበር ስባ ውኃ ሰጠችኝ። ግን ድምፁ የእኛ ቅርንጫፍ አይደለም፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ንብረት ነው፣ ያለ ፈቃድ አንድ ቃል ብጨምርበት እኔም ከሥራ እወጣለሁ አለችኝ። የእህቴ ድምፅ ነው እኮ ስላት፣ ነበር አለችኝ። ይህን ስትል እሷም አንገቷን ደፋች።

ዋናው መሥሪያ ቤት ለሠራተኞች ጥያቄ የሚሆን ቁጥር አለ፤ ደረጃ ሥር ቆሜ በራሴ ስልክ ደወልኩ። ማን ቢያነሳው ጥሩ ነው? አንቺ! ጥያቄዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው፣ እባክዎ መስመር ላይ ይቆዩ። ያንቺን ድምፅ ለመዋስ ብደውል ቆይ የምትዪኝ አንቺው ራስሽ። ቆየሁ። ያ የሚያሳብድ ሙዚቃ ሲያልቅ ደግመሽ ቆይ ትይኛለሽ። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ተቀምጬም ጠበቅኩ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና ዜሮን ተጫንኩ፣ ሰው የሆነ ሰው ይምጣልኝ ብዬ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አንስቼ ሃሎ ስል በሌላው ጆሮዬ ራሴን ሰማሁት። ለካስ የእነሱም ዜሮ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም ስልክ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ አጠገቤ ያለችው ልጅ አመመህ እንዴ አለችኝ።

በዚህ ላይ ሌላ መዓት ወረደ። ኩባንያው ከሌላ ግዙፍ ጋር ሊዋሃድ ነው፣ በየአገሩ ያለው ድምፅም አንድ ዓይነት ይሁን ተብሏል። የሁሉንም ቋንቋ የሚችል አዲስ ድምፅ ተሠርቶ ናሙናውን አሰሙን፤ አፉ ውስጥ ከረሜላ ይዞ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ከመጪው ወር መባቻ ጀምሮ አንቺ ትነሻለሽ። ቅጂውን ለእኔ ስጡኝ ብል ይደመሰሳል፣ ደንብ ነው አሉኝ። እማዬ እንደ ልጇ የያዘቻትም ልትሄድባት ነው። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

እዚያ ያገኘኝ ሽቦ ነው። ሽቦን ታውቂዋለሽ፣ ብርድ ልብሱን ሲሰቅሉ መሰላል የያዘው ቀጭኑ ቴክኒሻን፤ ከድሮዎቹ እሱና እኔ ብቻ ነን የቀረን። የሆንኩትን ሲሰማ የሚባረረው ይባረር፣ ና ጻፍ አለኝ። በምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ የማሽኑ ክፍል ገባን። ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ? ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ፣ እማዬ፣ እባክሽ ሆስፒታል ግቢ፣ እኔም እመጣለሁ፣ እወድሻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሽቦ ቁልፉን ሲጫነው አልሽው። እታለም፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሽቦም ፊቱን አዞረ። እማዬ የሚለውን ቃል ግን በሕይወትሽ ለእነሱ ቀድተሽላቸው አታውቂም፤ ማሽኑ እማን ከአንዱ ቃል፣ ዬን ከሌላው ቆርጦ ነው የገጣጠመው። ትንሽ ሰበር አለ፣ ቢሆንም ይሁን አልን።

ሽቦ ማታ እራት ሰዓት ላይ እንዲደውል አድርጎ አዘጋጀው። እኔ ቤት ገብቼ ሳህን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ስልኩ ጮኸ። እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው። ሰማች። እስከ መጨረሻው ሰማች። ምሳ በላሽ አላለችም፣ ጉሮሮሽስ አላለችም። ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ትንሽ አየችው፣ ዘጋችውና ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። ማን ነው እማዬ አልኩ፣ የማላውቅ መስዬ። የተሳሳተ ቁጥር ነው አለችኝ። ተነሥታም ዕቃ ማጠብ ጀመረች፣ የታጠበውን ዕቃ።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲደውል አንድን አትጫንም። አትዘጋውም ደግሞ፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እስኪጨርስ አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጠዋለች። ሆስፒታል የሚል ቃል ካነሳሁ፣ አንተ ዝም በል፣ እሷ ስትመጣ እንነጋገራለን ትለኛለች።

በዚህ ላይ ያ ያልኩሽ ጉድ! ሰሞኑን እየጠፋች አስቸገረችኝ። ፎቅ ላይ ካለችው ጎረቤታችን፣ ጡረታ ከወጣችው አስተማሪ ቤት ነው የማገኛት፤ ያንን ደረጃ፣ በዚያ እግሯ! ምን ልታደርጊ ነው ስላት ልጫወት ነው አለች። አስተማሪዋን ብጠይቃት ፊደል እየቆጠረች ነው አለችኝ። በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ ልቧ። ልጆቿ ተማሪ ቤት ሲገቡ አብረሽ ተማሪ ብትባል እኔ ጆሮ አለኝ፣ ይበቃኛል ያለች ሴት። ተቆጣሁ፤ ደረጃው ይገድልሻል አልኳት። የስልኩን መልእክት ራሴ ላንብብ ብዬ ነው፣ አንተን ማስቸገር ሰለቸኝ አለች። መልእክት ከተባለ እኮ ከቆመ ሰንብቷል፣ አንድን መጫን ትታ የለ! ይህን ብላት አልሰማሁም ብላ መነጽር ግዛልኝ አለች። ገዛሁላት። ጠመኔና ሰሌዳም አዘዘችኝ፤ ትልቅ እንዳይሆን፣ በእጅ የምትያዝ ትሁን አለች። ደብተር አይሻልሽም? ብላት፣ እምቢ፣ ደብተር ያልቃል፣ ሰሌዳ ጠርጎ ሌላ ይጻፍበታል አለችኝ። ስትማር በአስተማሪዋ ሰሌዳ ነው የምትማረው። ይህችኛዋን ነክታት አታውቅም፤ ከነጠመኔዋ ያንቺ አልጋ ራስጌ ላይ ነው ያስቀመጠቻት። ለምን እዚያ ስላት ቦታዋ ነው አለች።

እታለም፣ እኔ እንግዲህ የማደርገው አልቆብኛል። ደንበኛ ሲጮኽብኝ ቅሬታዎን ለሚመለከተው ክፍል አቀርባለሁ እላለሁ፤ የሚመለከተው ክፍል የሚባል የለም፣ እኔው ነኝ። ይኸው አሁን ለራሴ የማቀርብበት ቦታ አጣሁ። ዶክተሩ ባገኘኝ ቁጥር አመጣሃት? ይለኛል። አንቺ እንዳልነግራት አስምለሽኛል፣ እሷ ካንቺ በቀር አልሰማም ብላለች፤ እኔ በሁለታችሁ መሐል ቆሜ ደሟ ወደ ኋላ ሲመለስ አያለሁ። ነይ ብዬ አላዝሽም፣ ታላቄ ነሽ። ድምፅሽ ከሄደ በኋላ መስተዋት እንኳ ማየት እንደተውሽ አውቃለሁ። ግን ብትመጪ ምን ትያታለሽ ብዬ እኔም ስጨነቅ ነው የከረምኩት፤ በሩ ላይ ቆማ ልጄ ስትልሽ ዝም ብለሽ ስታዪያት ይታየኛል። መላው ጠፍቶኛል።

የወሩ መባቻ ቀርቧል። ከዚያ በኋላ የዘጋሽውን ስልክ ስደውል እንኳ የለሁም የምትዪኝ አንቺ አትሆኚም።

ሰላምታ ከሽቦ ይድረስሽ፣ ከጎረቤቷ አስተማሪም። ጤናውን ይስጥሽ እህቴ። ቁስልሽን ያድርቅልሽ፣ እህል የሚጥምሽ ያድርግሽ፣ ደጃፍሽን የሚያንኳኳ ሰው አያሳጣሽ፣ የምትከፍቺበትንም ልብ ይስጥሽ። እግዜር ሦስታችንንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘን።

እማዬ እስክሪብቶውን አምጣ እያለችኝ ነው። ከታች ቦታ ተውልኝ፣ እኔም የማክለው አለኝ አለች። ስምሽን መጻፍ ቻልሽ? ብላት አያገባህም አለችኝ። መነጽሯን አድርጋ እጅጌዋን ሰብስባለች፤ እንዳላይባት ወደ መስኮቱ እንድዞር ታዝዣለሁ። ስትጨርስ ራሷ አጥፋ ፖስታው ውስጥ ልትከተው ነው፣ ራሷ ልታሽገው ነው። ስለዚህ ምን እንደጻፈችልሽ ሳላይ ነው የምልከው፤ ካጠፋችም ይቅርታ አድርጊላት፣ ገና መማሯ ነው።

ምንጊዜም የሚያስብሽ ታናሽ ወንድምሽ

ነይ
ፊደል ቆጥሬአለሁ
እናትሽ